ከመቶው 15

ስትሮክ መትቷት ቀኝ ጎኗ የሰነፈባትን እናቴን ሊጠይቅ የሚመጣ ሰው ሁሉ፣ ከጅማ ከተማ ከፈረንጅ አራዳም ይምጣ ከጅረን፣ ገና ሳይቀመጥ የሚያነሣው ጥያቄ አንድ ነው፦ «መሄድ ጀመረች ወይ?» «አዎ፣ ግድግዳ ይዛ ትሄዳለች» ስል «ተመስገን፣ እንግዲህ ድናለች» ይባልና ወሬው ወደ ቡና ዋጋ ይዞራል። ጠያቂዎቻችንን አልወቅስም፤ በዚህ ጭቃ ብርቱካን አንጠልጥሎ የሚመጣ ጎረቤት በምን ይወቀሳል? ነገር ግን ስትሮክ የመታው ሰው ማገገሙ በእግሩ ብቻ የሚለካ መስሎ መታየቱ ብዙ ነገር ስለሚሸፍን፣ ዛሬ ይህን ልጽፍ ተቀመጥሁ።

እናቴን የምትረዳት ፊዚዮቴራፒስት በየጊዜው የምትሞላው ቅጽ አለ፤ የባርተል መለኪያ ይባላል። ፍሎረንስ ማሆኒ የተባለች ሐኪምና ዶሮቲያ ባርተል የተባለች ፊዚዮቴራፒስት በ1965 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ያሳተሙት ሲሆን፣ አንድ ሰው አሥር የዕለት ተዕለት ተግባራትን ያለ ሰው እርዳታ ምን ያህል እንደሚያከናውን ከ100 ነጥብ ይሰጠዋል። በደልዳላ ቦታ መሄድ 15 ነጥብ ነው፤ ከአልጋ ወደ ወንበር መዛወርም እንዲሁ። መብላት፣ መልበስ፣ መጸዳጃ ቤት መጠቀም፣ ሽንትን መቆጣጠር፣ ሰገራን መቆጣጠር፣ ደረጃ መውጣትና መውረድ እያንዳንዳቸው 10፣ ገላ መታጠብ 5፣ ፊት መታጠብና ፀጉር ማበጠርም 5 ናቸው። እንግዲህ ሰፈሩ በሙሉ የሚጠይቀን ስለ 15ቱ ነው።

ከቀሪው 85 ውስጥ እናቴን ከሁሉ ይልቅ ያስለቀሳት የመጸዳጃ ቤቱ ነበር። የእኛ ቤት ሽንት ቤት ቁጢጥ ብለው የሚጠቀሙበት ነው፤ አንድ ጎኑ ለሰነፈ ሰው ደግሞ ቁጢጥ ብሎ መነሣት ከመሄድ ይልቅ ይከብዳል። ሌሊት ልጆቿን መቀስቀስ ስላፈረች ከቀትር በኋላ ውኃ መጠጣት ተወች። ይህን ያቀለለልን አናጺ ነው፤ መሐሉ የተበሳ፣ በግራና በቀኝ የእጅ መደገፊያ ያለው ጠንካራ የዋንዛ ወንበር ሠራልን። ዕድሜዋን የተቀመጠችበትን ባለ ሦስት እግር በርጩማም ወደ ጓዳ አስገባነው፤ ዝቅ ያለ ከመሆኑ በላይ፣ አንድ ጎኗን ብቻ ተደግፋ ስትነሣ ይገለበጥ ነበር። ጅማ በበርጩማዋ የምትታወቅ ከተማ መሆኗን አውቃለሁ፤ ቢሆንም ለዚህ ሕመም አይሆንም።

የመብላቱ 10 ነጥብ ለእኛ አገር ሰው በሌላ መንገድ ያስቸግራል። ቅጹ ምግብ መቁረጥንና ቅቤ መቀባትን አስቦ የተዘጋጀ ነው፤ እናቴ ግን ከትሪ ላይ በቀኝ እጇ እንጀራ ቆርሳ የኖረች ሴት ናት። ግራ እጇን ሰው ፊት ወደ ማዕድ መስደድ ነውር ሆኖባት፣ እንግዳ ካለ ራሷን ነቅንቃ ትተወዋለች። እንግዳ ሲሄድ ደግሞ እኛ ተሽቀዳድመን እናጎርሳታለን። ፊዚዮቴራፒስቷ አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ደርሳ ይህን ስታይ፣ «አንዷን ጉርሻ ለፍቅር አጉርሷት፣ የቀረውን ለእሷ ተዉላት» አለችን። የደከመ እጅ ሥራ ካልተሰጠው አንጎል እጁን መጠቀም እንደሚተውና ይህ ድካም ከስትሮኩ በላይ የተጨመረ እንደሆነም አስረዳችን። አሜሪካዊው ተመራማሪ ኤድዋርድ ታውብ ይህን በጦጣዎች ላይ ባደረገው ጥናት ያሳየ ሲሆን፣ ጣቶቻቸው ጥቂት ለሚንቀሳቀሱ ሰዎች ደህናውን እጅ በጓንት ሸፍኖ የደከመውን ማሠራት የሚባለው ሕክምናም ከዚያ የመጣ ነው። እኛ ለቀኝ እጇ የሰጠናት ሥራ የቡና ለቀማ ነው፤ ጥሬ ቡና በሰፌድ ይቀርብላትና የጠቆረውንና የተሰባበረውን ፍሬ ትለያለች። ትበሳጫለች፣ ትበትነዋለች፣ እንደገናም ትጀምራለች።

ስለ እጅ ካነሣሁ አይቀር፣ የጠያቂዎቻችን ሰላምታ ያስፈራኛል። የትከሻዋን መገጣጠሚያ ይዘው የሚያቆሙት ጡንቻዎች ስለላሉ፣ ያንን ክንድ ይዞ መሳብ አጥንቱን ከቦታው ሊያንሸራትተውና ለወራት የሚቆይ ሕመም ሊያስከትል ይችላል። ስለዚህ ክንዷን ትራስ ላይ አሳርፌ በዚያ ጎኗ እኔ እቀመጣለሁ፤ እንግዳው በግድ በግራዋ በኩል ይሰለፋል።

ንግግሯን ግን ቅጹ ጭራሽ አይጠይቅም። በቀኝ እጅ የሚጠቀም ሰው የንግግር ማዕከሉ አብዛኛውን ጊዜ በግራው የአንጎል ክፍል ነው፤ ፈረንሳዊው ሐኪም ፖል ብሮካ በ1861 እ.ኤ.አ. መናገር ተስኖት የሞተን ሰው አንጎል መርምሮ ጉዳቱን ያገኘው በዚያው በግራ በኩል ነበር። የእናቴም ስትሮክ በዚያ በኩል ነው፤ ግራው አንጎል ቀኙን ጎን ስለሚያዝ ነው ቀኟ የሰነፈው። የሚገርመው ግን «እንደምን ዋሉ እማማ?» ለሚላት ሰው «እግዚአብሔር ይመስገን» ብላ ጥርት አድርጋ መመለሷ ነው፤ ከልጅነት ጀምሮ በአፍ የለመዱ ሰላምታዎች፣ ጸሎቶችና ቁጥሮች ሌላው ቃል ሲጠፋም የመትረፍ ጠባይ አላቸው። ጠያቂው ያንን ሰምቶ ደስ ብሎት ይሄዳል፤ እሷ ደግሞ ውኃ ለመጠየቅ ቃሉን ስትፈልግ ትቆይና ጣቷን ወደ ማድጋው ትቀስራለች። የንግግር ሕክምና ባለሙያ በአገራችን እጅግ ጥቂት ስለሆነ፣ ማታ ማታ ጀበናውን፣ ስኒውንና ረከቦቱን እያነሣን ስማቸውን እናስጠራታለን። ስኒን ጀበና ስትል ከእኛ ቀድማ ራሷ ትስቃለች።

ፈጣኑ ለውጥ የሚታየው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት መሆኑን ነግረውናል፤ ከዚያ በኋላ ይዘገያል እንጂ በሩ አይዘጋም። አሁን የተያያዝነው የደረጃውን 10 ነጥብ ነው። አናጺውን ለበረንዳው ደረጃ የእጅ መደገፊያ እንዲሠራ ስጠራው፣ «አንዱ ወገን አይበቃም እንዴ?» ብሎ ተከራከረኝ። ስትወጣ በግራዋ የነበረው ስትወርድ በቀኟ እንደሚሆን፣ ቀኟ ደግሞ እንደማይጨብጥ ሳስረዳው፣ ደረጃውን ወጥቶ ወርዶ ሞከረውና ሁለት መሆኑን ተቀበለ። በዋጋው ግን ገና አልተስማማንም።