ሳይደነዝዝ የሚወድቅ ጣት፦ ክርንን አትርሱ

ጣቶቹ አልነሳ ያሉት ሰው ሲመጣ ዓይን ቶሎ የሚሄደው ወደ አንገቱ ወይም ወደ እጁ አንጓ ነው። ቆዳው ካልደነዘዘ ግን ክርኑ ይታይ።

ከክንድ ወደ እጅ የሚወርደው ራዲያል ነርቭ ክርን ፊት ለፊት ላይ ለሁለት ይከፈላል። አንደኛው ቅርንጫፍ የአይበሉባን ስሜት ይይዛል። ሌላው፣ ፖስቴሪየር ኢንተሮሲየስ የሚባለው፣ ጣት የሚያነሱትን ጡንቻዎች ያዛል፤ «የፍሮሴ ቅስት» በሚሉት ጠባብ ጠርዝ ስር ሾልኮ ሱፒኔተር ጡንቻ ውስጥ ይገባል። ከመገጣጠሚያው ሽፋን የሚወጣ፣ ዝልግልግ ፈሳሽ የቋጠረ ጋንግሊየን እዚያው ቢያብጥ ነርቩ መሸሻ የለውም። አንጓ ላይ የወጣን ጋንግሊየን ማንም ያየዋል፤ ይሄኛው ግን ከጡንቻ ስር ስለሚደበቅ በዳሰሳ ላይገኝ ይችላል።

ምርመራው ቀላል ነው፣ መታለልም እንዲሁ። ክንዱን ጠረጴዛ ላይ አሳርፎ አንጓውን ቀጥ ያድርግና ጣቶቹን ከመዳፉ ጋር ከሚጋጠሙበት ከስራቸው ያንሳ። ጫፋቸውን ብቻ ቢዘረጋ «ይሠራል» አትበሉ፤ ያንን የሚያደርጉት በአብዛኛው አልናር የሚባለው ሌላ ነርቭ የሚያዛቸው የእጅ ትንንሽ ጡንቻዎች ናቸው። ፖስቴሪየር ኢንተሮሲየስ የተጎዳበት ሰው አንጓውን ማንሳት ይችላል፣ እጁ ግን ወደ አውራ ጣት ያዘነብላል፤ በዚያ በኩል የሚያነሳው ጡንቻ ነርቩን የሚያገኘው ከቅስቱ በላይ ስለሆነ ተርፏል። ቀጥሎ እናንተው አንጓውን ወደ ታች እጠፉት። ጣቶቹ በራሳቸው ከተዘረጉ ጅማቱ አልተበጠሰም፣ ችግሩ ነርቩ ነው። በተለይ የመገጣጠሚያ ሪህ ያለበት ሰው ላይ ይህ ሳይሞከር «ጅማት ተበጥሷል» ብሎ መደምደም ስህተት ነው።

እብጠቱ በክርን ውስጠኛ ጎን ሲሆን የሚጨመቀው አልናር ነው፤ ትንሿ ጣትና የቀለበት ጣት ግማሽ ይደነዝዛሉ። በዚያው በኩል አይበሉባውም ከደነዘዘ ችግሩ ከአንጓ በላይ ነው።

አልትራሳውንድ ፈሳሹን ያሳያል። ኤምአርአይ ከሊፖማ፣ ማለትም ከስብ እብጠት፣ ይለየዋል፤ ስብን የሚያጠፋው ምስል ላይ ሊፖማ ሲጠቁር ጋንግሊየን እንደበራ ይቀራል። የጡንቻ ኤሌክትሪክ ምርመራ ከ3 ሳምንት በፊት ከተሠራ ጉዳት እያለ «ደህና ነው» ሊል ይችላል።

ወጌሻ ጋ ማሳሸት አይመከርም፤ እብጠቱ ከስሩ አይነቀልም፣ ነርቩ ግን ሊቆጣ ይችላል። በመርፌ መምጠጥ ያስተነፍሰዋል፣ ይሁንና ፈሳሹ ወፍራም ስለሆነ ሰፊ መርፌ ይፈልጋል፤ ነርቩም አጠገቡ ስላለ ያለ አልትራሳውንድ መገመት አያዋጣም። የእብጠቱ ግንድ ከመገጣጠሚያው ጋር እንደተያያዘ ስለሚቀር ብዙ ጊዜ ይመለሳል። ጣት መውደቅ ከጀመረና እብጠቱ በምስል ከታየ ወራት መጠበቁን አልደግፍም። ቀዶ ሐኪሙ ግንዱን እስከ መገጣጠሚያው ሽፋን ተከትሎ ያወጣል፣ ቅስቱንም ይከፍታል።

የነርቩ ክር ከተጎዳ በቀን 1 ሚሊሜትር ያህል ነው የሚያድገው፤ 15 ሴንቲሜትር ርቆ ላለ ጡንቻ 5 ወር ማለት ነው። እስከዚያ ጣቶቹን በድጋፍ ቀጥ አድርጎ መያዝና በሌላው እጅ በቀን ደጋግሞ ማጠፍና መዘርጋት ያስፈልጋል፤ አለዚያ ነርቩ ሲመለስ መገጣጠሚያው ደርቆ ይጠብቀዋል።