የቀበቶው ዘለበት

በአሜሪካ ቨርጂኒያ ግዛት በሚገኝ አንድ ሆስፒታል የቀዶ ሕክምና ክፍል በነርስነት ስሠራ፣ ከቀዶ ሕክምና በፊት የአለርጂውን ቅጽ የምሞላው እኔ ነበርኩ። ታካሚው የ19 ዓመት ወጣት ሲሆን፣ ከልጅነቱ ጀምሮ የነበረው የደረቱ ስርጉድነት በጉርምስናው ጠልቆ፣ ደረጃ ሲወጣ ትንፋሽ ያሳጥረው ጀምሯል። በሲቲ ስካን የደረቱ ወርድ ከፍርምባው እስከ አከርካሪው ላለው ርቀት ሲካፈል ውጤቱ 4 ሆነ፤ ለቀዶ ሕክምና መነሻ የሚባለው 3.25 ነው። የተመረጠለትም ዶክተር ዶናልድ ነስ በ1987 እ.ኤ.አ. በዚሁ ግዛት በኖርፎክ ከተማ የጀመሩት ዘዴ ነበር፤ በሁለቱ ጎኖች በሚከፈቱ ትናንሽ ቀዳዳዎች ጎባጣ የብረት ዘንግ ከፍርምባው ሥር ይገባና ሲገለበጥ አጥንቱን ወደ ውጭ ይገፋዋል፣ ሦስት ዓመት ገደማም እዚያው ይቆያል።

«የብረት አለርጂ አለህ?» አልኩት። «የለኝም» አለ፤ ምልክት አድርጌ አለፍኩ።

በሦስተኛው ሳምንት የጎኖቹ ቁስሎች ቀልተው ውኃ መሰል ፈሳሽ ያወጡ ጀመር። ሁላችንም ኢንፌክሽን ነው ብለን ሁለት ዙር አንቲባዮቲክ ተሰጠው፤ ትኩሳት ግን አልነበረውም፣ የፈሳሹ ካልቸርም (ጀርም የማብቀል ምርመራ) ምንም አላበቀለም። አንድ ቀን ፋሻ ስቀይር፣ የአገሬ ሰው የሆኑት እናቱ ጠጋ ብለው «እህቴ፣ ይሄ እኮ የቀበቶውን ይመስላል» አሉኝና ከእምብርቱ በታች ያለውን አሳዩኝ፤ የሳንቲም ስፋት ያለው፣ የጠቆረና የሻከረ ቆዳ ነበር። ልጁ «እሱማ ዘለበቱ ሲነካኝ የሚያሳክከኝ ነው፣ አለርጂ አይደለም» አለ። ለእሱ አለርጂ ማለት ኦቾሎኒ በልቶ ጉሮሮ ማበጥ ነበር፤ አልተሳሳተም፣ የተሳሳተው አጠያየቄ ነው።

ዘንጉ የተሠራበት አይዝጌ ብረት በአንዳንድ ሰዎች ቆዳ ላይ አለርጂ የሚያስነሣው ኒኬል የተባለ ብረት አለው፤ ብዙ ርካሽ ዘለበትም እንዲሁ። ጀርባው ላይ ለ48 ሰዓት የተለጠፈው የአለርጂ መመርመሪያ ልጥፍ ሲነሳ፣ የኒኬሉ ቦታ ቀልቶ ጥቃቅን ውኃ ቋጥሯል። በታይታኒየም ዘንግ እንዲተካ ተወሰነ፤ ታይታኒየም ግን እንደ ብረቱ በቀዶ ሕክምናው ጠረጴዛ ዘንድ ተለክቶ በቀላሉ ስለማይጎብጥ፣ በሲቲ ስካኑ ልክ ከፋብሪካው ጎብጦ እስኪመጣ ፕሬድኒሶን በተባለ የሰውነት መቆጣትን የሚያበርድ መድኃኒት እየታገሠ ሳምንታት ጠበቀ። አስቀድሞ ቢታወቅ የታይታኒየም ዘንግ ማዘዝ ብቻ ይበቃ የነበረው ነገር ልጁን ሁለተኛ ማደንዘዣ አስከፈለው።

ቅጹ እስኪታረም ድረስ በኅዳጉ ላይ በእስክሪብቶ እጽፍ ነበር፦ ዘለበት፣ የጂንስ ቁልፍ፣ ሰዓት፣ ጉትቻ ያሳክክሃል ወይ? መልሱ «አይ» ቢሆንም እንኳ ከእምብርቱ በታች ሳላይ አላልፍም።