532ን ፈታትቼ ያየሁበት መንገድ

ባሕረ ሐሳብ (የቤተ ክርስቲያን የበዓላትና የአጽዋማት ቀን ማውጫ ስሌት) የቆጠረ ሰው 532ን ያውቀዋል፤ ዐቢይ ቀመር፣ ማለትም ትልቁ የዓመታት ዑደት ነው። ዕለቱ፣ ጨረቃውና ወንጌላዊው ሦስቱም ተያይዘው ወደነበሩበት የሚመለሱት በ532 ዓመት ነው። ለምሳሌ 2018 ዓ.ም. ፋሲካ ሚያዝያ 4 ነው፤ 532 ቀንሰን 1486 ዓ.ም. ላይ ብንደርስ ያኔም ፋሲካ ሚያዝያ 4 ነበር። እኔ ግን ከቀመሩ አውጥቼ ቁጥሩን ለብቻው ላየው ፈለግሁ። አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ገብቼ ወረቀትና እስክሪብቶ ብቻ ይዤ ተቀመጥሁ። ካልኩሌተር ሆን ብዬ ተውሁ፤ መልሱን ቶሎ ያሳያል፣ መንገዱን ግን ይደብቃል።

መጀመሪያ ማካፈል ነው። 532 ለ2 ሲካፈል 266፣ እንደገና ለ2 ሲካፈል 133፣ 133 ለ7 ሲካፈል 19። 19 ብቸኛ ቁጥር (ከ1ና ከራሱ በቀር አካፋይ የሌለው) ስለሆነ እዚያ ላይ ይቆማል። ስለዚህ 532 ማለት 2×2×7×19 ነው። የትኛውንም ቁጥር ስመረምር ከዚህ እነሳለሁ፤ የቀረው ጠባዩ ሁሉ ከዚህ ይመዘዛል። አራቱ ወንጌላውያን፣ ሰባቱ ዕለታትና ንዑስ ቀመር የምንለው የጨረቃው ዑደት 19 እዚሁ ውስጥ አሉ። 4 በ7 ሲባዛ 28 ነው፤ 28ና 19 ደግሞ ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ ስለሌላቸው ሁለቱ ዑደቶች የሚገናኙት ሙሉው ብዜት ሲሞላ ብቻ ነው። የጨረቃው ዑደት 21 ቢሆን ኖሮ 7ን ስለሚጋሩ በ84 ዓመት ይገናኙ ነበር።

ቀጥሎ አካፋዮቹን ደረደርሁ፦ 1፣ 2፣ 4፣ 7፣ 14፣ 19፣ 28፣ 38፣ 76፣ 133፣ 266። ራሱን ሳንጨምር ድምራቸው 588 ነው። ከግሪኩ ኒቆማኮስ ጀምሮ ቁጥሮች በዚህ ድምር ይመደባሉ፤ ድምሩ ከቁጥሩ ጋር እኩል ከሆነ ፍጹም፣ ካነሰ ጎደሎ፣ ከበለጠ ትርፍ ይባላል፤ 532 ትርፍ ነው፣ በ56 ይበልጣል። ብዙ ሰው ስሙን ካገኘ በኋላ ይተወዋል። እኔ ግን ለምን 56 ሆነ ብዬ ቆየሁበት፣ ከሁሉ ያስደሰተኝም ይኸው ነው።

28 ፍጹም ቁጥር ነው፤ 1+2+4+7+14 ራሱን 28ን ይሰጣል። እነዚህን አምስቱን በ19 ብናበዛቸው 19፣ 38፣ 76፣ 133፣ 266 ይሆናሉ፤ ድምራቸው በትክክል 532 ነው! ከዝርዝሩ የቀሩት 1፣ 2፣ 4፣ 7፣ 14ና 28 ናቸው፤ 28ና 28፣ 56። ትርፉ ከ28 የመጣ ነው ማለት ነው። የፍጹም ቁጥር ብዜት ሁሉ (ከራሱ በቀር) ትርፍ የሚሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው።

532 የጎነ አምስት ቁጥርም (በነጥብ ሲደረደር ባለ አምስት ጎን ቅርጽ የሚሠራ) ነው። ከ1 ተነስተን ሦስት ሦስት እየጨመርን 1+4+7 እያልን እስከ 55 ብንደምር 532 ይመጣል። የተደመሩትን ቁጠሯቸው፤ 19 ናቸው። መሐላቸው ላይ ያለው አሥረኛው ደግሞ 28 ነው። ይህን ሳይ ወረቀቱን ይዤ ወደ የኔታ ሄድሁ። ዝም ብለው በጣታቸው እየቆጠሩ አረጋገጡና «ማዕከላዊ ቀመርንስ አየኸው?» አሉኝ።

አየሁት። ማዕከላዊ ቀመር የሚባለው 76 ጎደሎ ነው፤ 1+2+4+19+38 64 ብቻ ይሆናል። በ7 ሲባዛ ግን ውስጡ 28 ይፈጠራል፣ ትርፍም ይሆናል።