አራት ማርክ የወጣባት ሳጥን፦ ሦስተኛው ፊልም

ሦስተኛውን ፊልም ትናንት ማታ አጠብኩ፤ ከስምንቱ ፎቶ ስድስቱ ወጡልኝ። የመጀመሪያውን ያያችሁ ለምን እንደምፈነድቅ ይገባችኋል።

ካሜራዋ አግፋ ቦክስ 44 ናት። ፍራንክፈርት፣ ማይን ወንዝ ዳር ከሚቆመው የቅዳሜ አሮጌ ዕቃ ገበያ ያገኘኋት ጥቁር የቆርቆሮ ሳጥን። አክስቴ ስታያት «የሻይ ቅጠል ማስቀመጫ ናት እንዴ?» አለች። ብዙም አልተሳሳተች፤ ፊት ለፊት ቀላል ሌንስና ሹተር (ብርሃን የሚያስገባው መዝጊያ)፣ ከኋላ ፊልም፣ መሀሉ ባዶ።

የመጀመሪያውን ፊልም ያበላሸሁት በስግብግብነት ነው። ባለ 400 (ቁጥሩ በጨመረ መጠን ፊልሙ ለብርሃን ይበልጥ ስሱ ነው) ከትቼ ቀትር ላይ ወጣሁ። የሹተሯ ፍጥነት አንድ ብቻ፣ የሰከንድ 1/30 ገደማ ስለሆነ ብርሃን በዝቶበት ኔጋቲቩ ጠቁሮ ቀረ። አሁን ባለ 50 ነው የምከተው። ሁለተኛው ላይ ደግሞ ፊልሙን ሳላሽከረክር ደግሜ ተጫንኩ፤ የሚከለክል ነገር የላትምና አክስቴ በትራም ሐዲድ ላይ ተቀምጣ ወጣች። አሁን እንደተጫንኩ አሽከረክራለሁ።

ከኋላ የፎቶው ተራ ቁጥር የሚታይባት ቀይ መስኮትም ጉድ ሠርታኛለች። የጥንቱ ፊልም ቀይ ብርሃን አይነካውም ነበር፤ የዛሬውን ግን ይነካዋል። ጥቁር ፕላስተር ለጥፌባት፣ ቁጥሩን ለማየት ብቻ ጥላ ውስጥ እገልጣታለሁ።

እጄ እንዳይንቀጠቀጥ ሆዴ ላይ አስደግፌ ትንፋሼን እይዛለሁ። በማያዋ ላይ ግራና ቀኙ ይገለበጣል፤ እስካሁን አልለመድኩትም።

የአመጣጧ ነገር ደግሞ ከፎቶው በላይ ያዘኝ። አግፋ መነሻው በርሊን የነበረ የማቅለሚያ ፋብሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1932፣ ጀርመን ውስጥ ወደ 6 ሚሊዮን ሰው ሥራ ፈት በነበረበት ዓመት፣ ይህችን ሳጥን በ4 ማርክ (የያኔው የጀርመን ገንዘብ) አወጣት። ግን ማርኩ እንዲያው ማርክ አይደለም፤ በየሳንቲሙ ላይ የተመታበት ከተማ ፊደል አለ፤ አራቱ ሲደረደሩ «አ፣ ጌ፣ ኤፍ፣ አ» (AGFA) ብለው የፋብሪካውን ስም መጻፍ ነበረባቸው። «አ» በርሊን፣ «ጌ» ካርልስሩኸ፣ «ኤፍ» ሽቱትጋርት። ሰው ኪሱን እየበረበረ ሳንቲም ይለቅም ጀመር። ትርፉ ያለው ሳጥኗ ላይ ሳይሆን ቀጥሎ በሚገዛው ፊልም ላይ ነበር፤ እኔም ይኸው ዛሬም እየገዛሁ ነው።

እኔም ለቀማውን ጀምሬያለሁ። ሁለቱ «አ» እና «ኤፍ» ተገኝተዋል። «ጌ» አስቸግራኛለች፤ ካርልስሩኸ አካባቢ ያላችሁ፣ በመሳቢያው የድሮ ሳንቲም የሚያከማች ሽማግሌ ጎረቤት ካላችሁ እባካችሁ ጠይቁልኝ።