የሳተ ጥይት አይፎከርበትም

ከፍቶኛል ዛሬ። ምክንያቱን ብትጠይቁኝ አላውቀውም። ገና ያልተፈታ አንድ ጉዳይ አለብኝ፤ ግን እሱ ከሆነ ትናንትም ሊከፋኝ ይገባ ነበር። ብቻ እራት እንደበላን ወደ ጋራዡ ወረድኩ። ባለቤቴ «ወደ ገዳሙ ገባ» ብላ በሩን ከኋላዬ ዘጋችው።

እንደገና ጥይት አድርጌ በእጄ የምሞላቸው ሃምሳ የተተኮሱ ባዶ ቀለሃዎች መደርደሪያቸው ላይ ቆመው እየጠበቁኝ ነበር። በተፈጨ የበቆሎ ቆረቆንዳ ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ ሲንቀጠቀጡ ስላደሩ ወርቅ መስለዋል። ጣጣው ፍርፋሪው ነው፤ ከታች ቂጣቸው ላይ ባለችው ትንሽ ቀዳዳ ይወተፋል። አንድ በአንድ እያነሳሁ በመርፌ ነቀልኩት። ይህንን ስሠራ ያየኝ ሰው ዶቃ የምሰካ ነው የሚመስለው።

ጥይትን በእጅ መሙላት ለማያውቀው ሰው ጀብድ ይመስላል እንጂ የጸሐፊ ሥራ ነው። ኢላማ መሳት ብቻውን አያስጨንቅም፤ ጥይቶቹ ሁሉ ወደ ግራ ቢሄዱ ማነጣጠሪያውን ሁለት ጊዜ ቀጭ ቀጭ አድርጎ መመለስ ነው። የሚያቃጥለው መበታተኑ ነው። ስለዚህ ሁሉም አንድ ዓይነት እንዲሆኑ ትለፋለህ። የቀለሃው ናስ በተተኮሰና በመሣሪያ በተጠበበ ቁጥር ይጠነክራል፤ አንገቱ የጠነከረው ቀለሃ አረሩን እንደ ጓደኛው አይለቀውም፣ ፍጥነቱም ይለያያል። ስለዚህ አንገቱን በእሳት ታለዝባለህ። ስንት ጊዜ እንደተተኮሰ ትመዘግባለህ። ርዝመቱን ትለካለህ፣ የረዘመውን ትከረክማለህ።

ባሩዱ ደግሞ በግሬይን ነው የሚመዘነው። ድሮ የአንዲት የገብስ ፍሬ ክብደት ነበር አሉ፤ 7000ው ተሰብስቦ ነው አንድ ፓውንድ የሚሆነው። እኔ እንግዲህ የዚያችን ገብስ አንድ አሥረኛ ነው የማሳድደው። ሚዛኔ የነፋስ ነገር አይችልም፤ ማሞቂያው ከነፈሰ ቁጥሩ ይዋልላል። ስለዚህ አጠፋዋለሁ፣ ካፖርቴን ደርቤ እየተንቀጠቀጥኩ እመዝናለሁ። በዚህ በኮሎራዶ ጥር።

የባሩዱን ማንኪያ ስፈልግ ያለፈው ቅዳሜ የኢላማ ወረቀቶች እጄ ገቡ። አራት ናቸው፤ በ100 ያርድ፣ በእያንዳንዱ ላይ አምስት ጥይት። የመጀመሪያውን ፎቶ አንስቼ ለጓደኞቼ ሁሉ ልኬዋለሁ። አምስቱም ቀዳዳ በአንድ የአሜሪካ ሃያ አምስት ሳንቲም ይሸፈናል። አንዱ ጓደኛዬ «አንተማ አልሞ ተኳሽ ነህ» ብሎ ጽፎልኝ ሳምንቱን ሙሉ ደረቴን ነፍቼ ነበር የሰነበትኩት። ሌሎቹን ሦስቱን ግን ለማን አሳየሁ? ለማንም። መኪናው ኋላ ወርውሬያቸው ነበር።

አራቱንም ደራርቤ፣ መሃላቸውን አስተካክዬ፣ ወደ አምፖሉ ቀና አደረግኳቸው። ብርሃኑ በሃያ ቀዳዳ በኩል ታየኝ፦ ወደ ታች የወረደ፣ ወደ ቀኝ የሸሸ፣ አንዱ ብቻውን የኮበለለ። ከዳር እስከ ዳር ወደ አራት ሳንቲሜትር ነው። ያው ባሩድ፣ ያው አረር፣ ያው ትከሻ። ያቺ ውብ ወረቀት ዕድል ነበረች፤ ጠመንጃዬ ግን ባለ አራት ሳንቲሜትር ነው። አምስት ጥይት ምን ይመሰክራል? ሦስት ተኩሰው ፎቶ የሚለጥፉትማ ጭራሽ አያፍሩም። (እኔም ለጥፌያለሁ።)

አያቴ ትዝ አለኝ። ከአባቱ የወረሰው ውጅግራ የሚባል የድሮ ጠመንጃ ነበረው፤ እኛ ልጆች ስሙን አገርኛ እንመስለው ነበር፣ ለካ ፈረንሳዮቹ «ፉዚ ግራ» የሚሉት ነው። ሞቅ ሲለው ተነስቶ ይፎክር ነበር። ይህን ጣልኩ፣ ያንን ጣልኩ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ያለውን ሰስ መታሁ። በዚያ ሁሉ ፉከራ ውስጥ አንድም የሳተ ጥይት ሰምቼ አላውቅም። ጥይት ብርቅ በነበረበት ዘመን፣ በገበያ እንደ ገንዘብ ይመነዘር በነበረበት ዘመን፣ ስንቱን ስቶ ይሆን? ማን ጠየቀው? እኔም አልጠየቅኩትም፤ አሁን ደግሞ የለም።

ባሩዱን መመዘን ጀምሬ ነበር እትዬ ከአገር ቤት ስትደውል። እዚያ ነግቷል፣ ከቤተ ክርስቲያን መመለሷ ነው።

«እንዴት ነህ?»

«ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ሥራስ?»

«ጥሩ ነው።»

«ያቺን በበረዶው ውስጥ የተነሳሃትን ፎቶ ለጎረቤት ሁሉ አሳየሁ። ወፍረሃል።»

ሳቅኩ። ፎቶዋን የተነሳሁት ሥራ ላይ መሆን በነበረብኝ ቀን፣ ማክሰኞ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ነው። አሥራ ሁለት ጊዜ አንስቼ አንዷን መርጬ ነው የላክሁት። አሥራ አንዱን አጠፋኋቸው። እትዬ ሦስት ዓመት ሙሉ ያቺን ባለ ሃያ አምስት ሳንቲሟን ወረቀት ብቻ ነው የምታየው። መኪናው ኋላ ያለውን ብትጠይቀኝስ እነግራት ነበር? አትጠይቅማ። እኔስ የእሷን መቼ ጠየቅኩ? እሷም ሁልጊዜ ደህና ናት።

ስልኩን ስዘጋ እጄ ሞቆ ነበር። ለካ እያወራን ሳላስበው ማሞቂያውን አብርቼዋለሁ። ስልኩን በትከሻዬ ይዤ፣ እየሳቅኩ፣ መመዘኑንም አላቋረጥኩም። ሠላሳ አንዱ ቀለሃ ሞልቷል፤ ባሩዱ በባትሪ ሲታይ ሁሉም እኩል ይመስላል።

አሁን ቁጭ ብዬ አያቸዋለሁ። ሠላሳ አንዱንም ገልብጬ እንደገና መጀመሬ ነው፤ ካፖርቴ ግን የት እንደገባ እንጃ። ለመሆኑ «ደህና ነኝ» ያልኳት ስንተኛው ላይ ሆኜ ነው?