ሊዶኬይን በውሻ የጡት እባጭ ዙሪያ

የጡት እባጭ ያለባት ውሻ ለቀዶ ጥገና ስትተኛ ሊዶኬይን የተባለው ማደንዘዣ የሚወጋላት ሕመም እንዳይሰማት ነው። ግን መድኃኒቱ የካንሰር ሕዋስንም ይነካል። የሚዘጋው የሶዲየም በር (ሶዲየም ወደ ሕዋስ የሚገባበት ቀዳዳ) በነርቭ ላይ ብቻ ያለ አይደለም፤ አንዳንድ የጡት ካንሰር ሕዋሳትም አላቸው፣ ወደ ጎረቤት ሥጋ ለመግባትም ይረዳቸዋል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው መጠኑ ላይ ነው። በላብራቶሪ ሳህን ላይ ሕዋሱን ለመግደል ብዙ ጊዜ ከ1 ሚሊሞላር በላይ ያስፈልጋል፤ በሚሊሊትር 230 ማይክሮግራም ገደማ ማለት ነው። የልብ ምት ለማስተካከል በደም ሥር ሲሰጥ ግን በደም ውስጥ የሚፈለገው በሚሊሊትር ከ2 እስከ 6 ማይክሮግራም ብቻ ነው። ስለዚህ ካንሰር ይገድልልኛል ብሎ በደም ሥር መጨመር ውሻዋን መግደል ነው። ያን ያህል መጠን የሚገኘው እባጩ ዙሪያ በቀጥታ ሲወጋ ነው።

በ2023 የታተመው የሙምባይ ጥናት ይህንኑ ነው የሞከረው፦ ከመቁረጥ 7–10 ደቂቃ በፊት 0.5 በመቶ ሊዶኬይን በእባጩ ዙሪያ። ከ5 ዓመት በኋላ በሕይወት የቆዩት ከ86.4 ወደ 90.1 በመቶ ከፍ አሉ። ጥናቱ ግን በሴቶች ላይ እንጂ በውሻ ላይ አልነበረም፤ ለባለቤቷ ፈውስ ነው ማለት አይገባም።

ስሌቱ፦ 18 ኪሎ ለምትመዝን ውሻ በኪሎ 5 ሚሊግራም፣ 90 ሚሊግራም ይሆናል። ከ2 በመቶው ሊዶኬይን 4.5 ሚሊሊትር ቀድታችሁ 13.5 ሚሊሊትር ኖርማል ሳላይን ብትጨምሩበት 18 ሚሊሊትር ባለ 0.5 በመቶ ታገኛላችሁ። ውሻዋን በዓይን ገምታችሁ አትሥሩ፣ መዝኑ።

ከመውጋታችሁ በፊት የእባጩን ጠርዝ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጉ፤ ፈሳሹ ከገባ በኋላ ቆዳው ስለሚነፋ ወሰኑ ይጠፋል። መርፌው እባጩን ራሱን አይንካ፣ ሕዋስ ይዞ ሊወጣ ይችላል። በየቦታው ፒስተኑን ሳብ አድርጋችሁ ደም አለመግባቱን እዩ። ጡንቻ መንቀጥቀጥ፣ ማስመለስ ወይም መፍዘዝ ከታየ ወዲያው አቁሙ፤ ካንቀጠቀጣት መንቀጥቀጥ የሚያስቆመውን ዳያዜፓም በኪሎ 0.5 ሚሊግራም በደም ሥር።

አድሬናሊን የተቀላቀለበት የሊዶኬይን ብልቃጥ በድሬዳዋ ሙቀት ውጭ ከዋለ አድሬናሊኑ ይበላሻል፤ ቀለሙ ከተለወጠ ጣሉት።

በየሰፈሩ የምናየው የብልት እባጭ፣ አበባ ጎመን የመሰለውና የሚደማው፣ ሌላ ነገር ነው። በሳምንት አንድ ጊዜ ቪንክሪስቲን የተባለው የካንሰር መድኃኒት፣ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ዙር፣ ያጠፋዋል፤ ሊዶኬይን አያስፈልገውም።