ክሩ ካልተፈታ መቀሱ አይደርስም

ጎንደር ውስጥ ሌሽማኒያ በተባለ ጥገኛ ተሕዋስ የሚመጣውን ካላዛርን ለመለየት የሚያገለግለው የአርኬ39 ፈጣን ምርመራ የሚያየው ጥገኛ ተሕዋሱን ሳይሆን አንቲቦዲውን ነው። ከመተማ ወይም ከሁመራ ቆላ የመጣ ሕመምተኛ ደም ሁለት መስመር ሲያወጣ፣ ለሌሽማኒያ ፕሮቲን የሚገጥም አንቲቦዲ በደሙ አለ ማለት ነው። ያን አንቲቦዲ የሚሠራው ዘረመል ግን ሰውየው ሲፀነስ ሙሉ ሆኖ አልተሰጠውም፤ አንቲቦዲ የሚሠራው ነጭ የደም ሕዋስ፣ ቢ ሴሉ፣ መቅኔ ውስጥ ሲያድግ ከቁራጮች ቆርጦ የቀጠለው ነው። ተማሪዎቻችን ስለ መቀሱ፣ ዲኤንኤውን ስለሚቆርጠው ኢንዛይም ስለ ራግ (ራግ1 እና ራግ2)፣ በደንብ ይማራሉ። ስለ ክሩ፣ ስለ ዲኤንኤው፣ አጠቃቀለል የሚነገራቸው ጥቂት ነው፤ የትኛው ቁራጭ መቼ እንደሚቆረጥ የሚወሰነው ግን በአብዛኛው እዚያ ነው።

በሰው ክሮሞሶም 14 ላይ ለአንቲቦዲው ከባድ ሰንሰለት የሚያገለግሉ፣ ቪ፣ ዲ እና ጄ የሚባሉ ሦስት ዓይነት የዘረመል ቁራጮች አሉ፦ 40 ገደማ ቪ፣ 23 ዲ እና 6 ጄ። በየቁራጩ ጠርዝ መቁረጫ ምልክት አለ፦ 7 የዲኤንኤ ፊደል፣ ከዚያ የ12 ወይም የ23 ፊደል ክፍተት፣ ከዚያ 9 ፊደል። ባለ 12 የሚጣመረው ከባለ 23 ጋር ብቻ ነው። ቪም ጄም ባለ 23 ስለሆኑ፣ ዲ ሳይገባ ቪ ከጄ ጋር አይገናኝም።

እስከዚህ ድረስ ቀላል ነው። ችግሩ የቲ ሴል ተቀባይ ዘረመሎችም ያንኑ ምልክት መያዛቸው፣ ቲ ሴል በሚያድግበት በታይመስ ውስጥም ያው ራግ መሥራቱ ነው። ታዲያ ቲ ሴል የከባዱን ሰንሰለት ቪ ለምን አይቀጥልም? ተመራማሪዎች ኒውክለሶችን ለይተው ራግ ሲጨምሩባቸው፣ ኢንዛይሙ ያው ሆኖ ሳለ በቢ ሴል መነሻዎች የአንቲቦዲው፣ በታይመስ ሕዋሳት ደግሞ የራሳቸው ተቀባይ ምልክት ተቆረጠ። ልዩነቱ ያለው በክሩ ላይ ነው።

ዲኤንኤ ሂስቶን በሚባሉ 8 ፕሮቲኖች ጥቅል ላይ 147 ፊደል ያህል ይጠመጠማል፤ እንዝርት ላይ እንደ ተጠነጠነ ፈትል። (ከፋሲል ግቢ 12 በሮች አንዱ አደናግር በር የተሰየመው በፈታዮች ስለሆነ፣ ለጎንደር ተማሪ ይህ ምሳሌ ሩቅ አይደለም።) ምልክቱ ጥምጥሙ ላይ ከዋለ ራግ አይቆርጠውም። ቦታው ሲነቃ ሂስቶኖቹ ላይ አሴቲል የተባለ ኬሚካላዊ ቅጥያ ይለጠፋል፣ ጥምጥሙ ይላላል፣ ገና ያልተቀጠለው ዘረመል ወደ አርኤንኤ መገልበጥ ይጀምራል። ይህ ቅድመ ግልበጣ ከቅጠላው ጋር አብሮ እንደሚሄድ በ1985 ለቪ ቁራጮች ታይቷል። ግልበጣው በሚጀምርበት አካባቢ ሂስቶን 3 በ4ኛው አሚኖ አሲዱ፣ በላይሲን፣ ላይ ሜቲል የተባለ ቅጥያ ሦስት ይሸከማል፤ ራግ2 ደግሞ ይህንኑ ምልክት የሚጨብጥ ክፍል አለው። ስለዚህ ራግ በጄዎቹና በአጠገባቸው ባለው ዲ ዙሪያ ይከማቻል፤ መጀመሪያ ዲ ከጄ የሚገናኘውም ለዚህ ነው።

መከፈት ብቻውን ይበቃል ማለት ግን ትልቅ ስህተት ነው። የቪዎቹ ሰፈር በሰው 1 ሚሊዮን ፊደል ገደማ፣ በአይጥ ከዚያ በእጥፍ በላይ ይዘረጋል። ኮሂሲን የተባለው የፕሮቲን ቀለበት ክሩን እየሳበ ቋጠሮ ይሠራል፣ ሲቲሲኤፍ የተባለ ፕሮቲን የተቀመጠበት ቦታ ያስቆመዋል። በቪዎቹና በዲዎቹ መካከል ያለው ማገጃ ዲ እና ጄ ሳይጣመሩ ቪ እንዳይገባ ይከላከላል። በቢ ሴል ዘረመሎችን የሚቆጣጠረው ፕሮቲን ፓክስ5 ደግሞ ኮሂሲንን ከክሩ የሚያወርደውን ፕሮቲን፣ ዋፕልን፣ ይቀንሳል፤ ቋጠሮው ይረዝማል፣ የሩቆቹ ቪዎች ወደ ራግ ይቀርባሉ። ፓክስ5 ከጠፋ በአብዛኛው የቅርቦቹ ብቻ ይቀጠላሉ፤ የአንቲቦዲው ዓይነት ይጠባል።

መገጣጠሚያው የዘረመሉን የሦስት ሦስት ፊደል ንባብ ሳያዛባ የሚወጣው ከሦስት አንድ ጊዜ ገደማ ነው። ከባዱ ሰንሰለት ሲሳካ ሕዋሱ መልእክት ይቀበላል፣ ራግ ይወርዳል፣ የሌላኛው ክሮሞሶም 14 ቪዎች ተመልሰው ይዘጋሉ፤ ቀጥሎ ክሮሞሶም 2 ላይ የቀላሉ ሰንሰለት ዘረመል፣ ካፓ፣ ይከፈታል። ሕዋሱ ዲኤንኤውን ከማባዛቱ በፊት ራግ2 ይፈርሳል፤ ክፍት ስንጥቅ ይዞ መባዛት አደጋ ነው። ቅጠላው ሲሳሳት ክሮሞሶም 14 ከክሮሞሶም 18 ይጋጠምና ሕዋስ እንዳይሞት የሚያደርገውን ዘረመል ቢሲኤል2ን ያነቃል፤ ፎሊኩላር ሊምፎማ የተባለው የቢ ሴል ካንሰር መነሻ ይህ ነው። በሌላው የቢ ሴል ካንሰር፣ በበርኪት ሊምፎማ፣ የሚታየውን የክሮሞሶም 8 እና 14 ሽግግር ግን በራግ አታሳብቡ፤ እሱ በአብዛኛው ኋላ የሚመጣው አንቲቦዲውን የሚለዋውጠው የኤአይዲ ኢንዛይም ሥራ ነው።

መከፈቱን መለካት ለሚፈልግ፦ 50,000 ሕያው ሕዋስ፣ ክፍት ዲኤንኤን ቆርጦ ለንባብ የሚያዘጋጀው ቲኤን5 ኢንዛይም፣ 37 ዲግሪ፣ 30 ደቂቃ የተለመደው መነሻ ነው። ኢንዛይሙ ለሕዋሱ ቁጥር ከበዛ ጥምጥሙንም ይቆርጣል፤ የሞተ ሕዋስ ሁሉንም ቦታ ክፍት ያስመስላል፤ የሚቶኮንድሪያ ዲኤንኤ ሂስቶን ስለሌለው ንባቡን ይሻማል። ቪዎቹ እርስ በርስ ስለሚመሳሰሉ አጭር ንባብ የማን እንደሆነ አይለይም፤ ጥንድ ንባብ፣ ረዘም ያለ፣ ይሻላል። ከሁሉ የከፋው ስህተት የበሰለ ቢ ሴል መስመር መጠቀም ነው፦ በተቀጠሉት ቪ፣ ዲ እና ጄ መካከል የነበረው ዲኤንኤ ተቆርጦ ወጥቷል፣ ባዶው ቦታ ግን በውጤቱ ላይ «የተዘጋ» ይመስላል። ለዚህ ነው ራግ የሌላቸው አይጦች ፕሮ ቢ ሴል (ገና ያልበሰለ የቢ ሴል መነሻ) የሚመረጠው፤ ክሩ እንደ ተወለደ ሳይቆረጥ ይገኝበታልና።